«ፀሐይ ነው» ያለችውን ልጅ ኤክስ ላድርግባት?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ዘወትር እከታተላለሁ። ብዙ ጊዜ የሚጻፍልዎ የትዳርና የፍቅር ጉዳይ ስለሆነ የእኔ ነገር ቀላል ቢመስልዎ አይፍረዱብኝ፤ ለእኔ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የምንጠቀመው ከአሜሪካ የመጣ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ጥሩ ነው፣ ሥዕሉ ያምራል፣ ልጆቹም ይወዱታል። ችግሩ የጀመረው ታኅሣሥ ውስጥ «ዊንተር» የሚለው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ነው። ከዳር እስከ ዳር በረዶ ነው። አፍንጫው ካሮት የሆነ የበረዶ ሰው፣ ጓንት ያደረጉ ልጆች፣ ዋሻ ውስጥ የተኛ ድብ። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ሚስ፣ በረዶው ሲወርድ አይመታቸውም?» አለኝ። ሌላዋ ደግሞ «አንቺ ነክተሽው ታውቂያለሽ?» ስትለኝ ዝም አልኩ። ነክቼው አላውቅም። ከአገሬም ወጥቼ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ከመጽሐፉ ጋር የመጣውን አጭር ፈተና ሰጠኋቸው። አንዱ ጥያቄ «በጃንዋሪ አየሩ እንዴት ነው?» ይላል። ምርጫዎቹ ሥዕል ናቸው፤ በረዶ፣ ዝናብ፣ አበባ፣ ፀሐይ። በመልስ መስጫው መሠረት መልሱ በረዶ ነው፤ አብዛኛዎቹም እንደዚያው መልሰዋል። አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ ግን ፀሐይዋን ከብባ፣ ከጎኑ በእርሳስ በአማርኛ «ጠዋት ግን ይበርዳል» ብላ ጽፋለች። የሌሎቹን አርሜ መልሻለሁ። የእሷ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ይዤው እዞራለሁ። ራይት ባደርገው ከመልስ መስጫው ወጣሁ፤ ያው ጥያቄ በሴሚስተር ፈተናም ይመጣል፣ ፈተናውን የሚያወጣው ደግሞ ዲፓርትመንቱ ነው። ኤክስ ላድርገው ብል እጄ አልታዘዝ አለኝ።

በዚህ ላይ ዳይሬክተራችን ከሦስት ሳምንት በኋላ «ዊንተር ደይ» ይዘጋጅ ብለዋል። ኮሪደሩ በጥጥ ይሸፈናል፣ ከፎም የበረዶ ሰው ይሠራል፣ ልጆቹ ነጭ ሹራብና ጓንት አድርገው ወላጆች ፊት መዝሙር ያቀርባሉ፣ ፎቶው በትምህርት ቤቱ ቴሌግራም ይለቀቃል። አንዲት እናት በር ላይ ጠብቃኝ «ሚስ፣ ጓንቱ ግዴታ ነው? እኔ እኮ እዚሁ የሚማሩ ሦስት ልጆች አሉኝ» አለችኝ። የምመልስላት ጠፋኝ። ዳይሬክተሯ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለትምህርት ቤቱ ይለፋሉ፣ ለእኔም ጥሩ ናቸው። ነገር ግን ሰው ሐሳብ ሲሰጣቸው እንደ ነቀፋ ይቆጥሩታል። ኮንትራቴ የሚታደሰው ሰኔ ላይ ነው፣ እናቴን የምጦረውም እኔ ነኝ።

ባልደረቦቼ «አንቺን ምን አገባሽ? ጥጡን ለጥፈሽ ደመወዝሽን መቀበል ነው» ይሉኛል። እውነታቸውን ይሆን? ወይስ ለልጆቹ የራሳቸውን ወቅት የማስተምርበት መንገድ አለ? ቢኖርስ ምን ላሠራቸው? እጄ ላይ ያለው ሁሉ በረዶ ነው።

ግራ የገባት ሚስ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ውድ እህቴ፣

ጉዳይሽ ቀላል አይደለም። ከባል ጋር የተጣላች ሴት ቢያንስ የሚያዝንላት ታገኛለች፤ በአንድ ጥያቄ እርማት እንቅልፍ ያጣች መምህርት ግን የሚገባት ሰው አታገኝም። ቀጠሮ ካለው ነገር ልጀምር፣ ከወረቀቱ።

ራይት አድርጊው። ይህን የምልሽ ለልጅቷ አዝኜ እንዳይመስልሽ። ጥያቄው ራሱ ጎደሎ ነው፤ በጃንዋሪ አየሩ እንዴት እንደሆነ ይጠይቃል እንጂ የት እንደሆነ አይናገርም። በረዶውን የከበቡት መጽሐፉን አይተው መለሱ፣ እሷ በመስኮት አይታ መለሰች። ሁሉም ልክ ናቸው፤ ለእሷ ራይት ስትሰጪ ከማንም ላይ የምትወስጂው ነገር የለም። በእርሳስ የጨመረቻት ነገር ደግሞ ከአራቱም ሥዕሎች ትበልጣለች። ቀን ፀሐይ፣ ጠዋት ብርድ፤ የሜትሮሎጂ ባለሙያም ስለ አዲስ አበባ ጥር ቢጠየቅ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ወረቀቱን ስትመልሺላት «ለእኛ አገር ልክ ነሽ። መጽሐፉ የሚያወራው ግን ስለ ሌላ አገር ነው፣ እዚያ በዚህ ጊዜ በረዶ ነው» በያት። የስምንት ዓመት ልጅ ሁለት አገር ሁለት ዓይነት አየር እንዳለው ለመረዳት አይቸግራትም። የሚቸግራት ዓይኗ ያየውን ስትናገር ኤክስ ሲደረግባት ነው።

ለሴሚስተሩ ፈተና ጊዜ ስላለሽ ለዲፓርትመንት ኃላፊው አሁኑኑ ንገሪው። ስሞታ አታስመስዪው። «ይቺ ጥያቄ ልጆቹን እያምታታች ነው፣ ‹መጽሐፉ ውስጥ ባለው ከተማ› የሚል ብንጨምርባትስ?» ካልሽው፣ አራት ቃል ለመጨመር የሚጨቃጨቅ ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም። እምቢ ቢል እንኳ ከፈተናው በፊት ለልጆቹ «ፈተናው የሚጠይቃችሁ ስለ መጽሐፉ ከተማ ነው» ብትያቸው ይበቃል።

አሁን ልጠይቅሽ። «ነክተሽው ታውቂያለሽ?» ስትባዪ ዝም ያሰኘሽ ምንድን ነው? አለማየትሽ አሳፈረሽ? ወይስ መምህር ሁሉን ማወቅ አለበት ብለሽ ነው? ደብዳቤሽን ሳነብ ከጥጡም ከጓንቱም በላይ ያቺ ዝምታ የከበደችሽ መሰለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ «አላውቅም፣ ነክቼው አላውቅም። ነክቶት የሚያውቅ ሰው እንዴት እናግኝ?» በዪ። ክፍሉ ውስጥ አክስቴ፣ አጎቴ፣ የእናቴ ጓደኛ የሚል ልጅ አይጠፋም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ያ «አይመታቸውም?» ያለው ልጅ ደግሞ የሙሉ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ሰጥቶሻል። እሱ የሚያውቀው በክረምት ነጎድጓድ መሀል ወርዶ ቆርቆሮውን የሚደበድበውን በረዶ ነው። ያ የሚፈጠረው የውሃ ጠብታ ኃይለኛ ደመና ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች ሲወረወር፣ ንብርብር እየሠራ ሲጠጥር ነው። መጽሐፉ ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። በብርድ ደመና ውስጥ እንፋሎቱ ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ትንንሽ ቅንጣት ይለወጥና ቀስ ብሎ ይወርዳል። ስለዚህ አይመታቸውም፤ ሲወርድ ድምፅ እንኳ የለውም። ይህን ለልጁ በስሙ ጠርተሽ፣ ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ እንደነበር ነግረሽ መልሺለት።

ስለዚህ በረዶውን አውጥተሽ ጣዪው አልልሽም። አንዳንድ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ «የፈረንጅ ነገር!» ብሎ ገጹን ይቀድዳል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ልጅ ያላየውን አገር በሥዕል ማየቱ ጸጋ ነው። ጉዳቱ ያ በረዶ የማን እንደሆነ፣ የት እንደሚወርድ ሳይነገረው ሲቀር ነው። የአካባቢ ሳይንስ መምህሩ በሦስተኛው ፔሬድ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ነው ብሎ ይወጣል፤ አንቺ በአራተኛው ገብተሽ ወሩ የበረዶ ነው ትያለሽ። ሁለታችሁም እውነት ተናግራችኋል፣ ልጁ ግን ማስታረቁ ለብቻው ተጥሎበታል። የአንቺ ሥራ ማስታረቁ ነው፤ ከዚያ በኋላ የወረቀት በረዶውም ቢቆረጥ ጥሩ ነው።

ስትቆርጡ ግን በደንብ ቁረጡት። ብዙ ክፍል ውስጥ ወረቀቱ በግማሽ፣ በግማሽ፣ እንደገና በግማሽ ይታጠፍና ስምንት ጫፍ ያለው ነገር ይወጣል። እውነተኛው ስድስት ነው፤ የውሃ ሞለኪውሎች ሲረጉ የሚደረደሩት በስድስት ማዕዘን ስለሆነ። አንዴ በግማሽ እጠፉት፣ ከዚያ ግማሹን ለሦስት እኩል፣ ከዚያ ቁረጡ። ለሦስት ማጠፉ ለትንንሽ እጆች ስለሚያስቸግር መስመሩን ቀድመሽ አስምሪላቸው። እየቆረጡ ሳለም ስለ ዊልሰን ቤንትሊ አውሪላቸው። በአሜሪካ ቨርሞንት የሚኖር ገበሬ ነበር። በ1885 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ካሜራን ከማይክሮስኮፕ ጋር አገናኝቶ የአንዲት የበረዶ ቅንጣትን ፎቶ አነሳ፣ ከዚያም ዕድሜውን ሙሉ ከ5000 በላይ አነሳ። ገበሬ መሆኑን አትርሺባቸው፤ ሳይንስ ነጭ ጋዎን የለበሰ ሰው ብቻ የሚሠራው ነገር አይደለም።

ወደ እኛ ወቅት እንምጣ፣ ምን ላሠራቸው ላልሽው። ከጋቢው ብትጀምሪ ደስ ይለኛል። ሁለት እኩል ውሃ በትንንሽ ፌስታል ቋጥረሽ ማታ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሪ፤ መብራት እንዳይከዳሽ ብቻ አንድ ቀን ቀደም ብለሽ አድርጊው። ጠዋት ሁለቱንም ፌስታሉን ሳትፈቺ ይዘሽ ግቢ። አንዱን ሳህን ላይ አስቀምጪ፣ ሌላውን በጋቢ ጠቅልለሽ ሌላ ሳህን ላይ አድርጊ። ከዚያ «ቶሎ የሚቀልጠው የትኛው ነው?» ብለሽ እጅ አስወጪ። ጋቢ ያሞቃል ብለው ስለሚያስቡ አብዛኞቹ የተጠቀለለው ይቀልጣል ይሉሻል። አትንገሪያቸው። ሌላ ትምህርት አስተምሪና ፔሬዱ ሊያልቅ ሲል ፍቺው። ያልተጠቀለለው ብዙው ውሃ ሆኖ ፌስታሉ ውስጥ ይንቦጫረቃል፣ ጋቢ ውስጥ ያለው ገና ድንጋይ ነው። መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ቀጥሎ ይከራከራሉ፣ ከዚያ ሁሉም መጥተው ጋቢውን በእጃቸው ይዳስሳሉ። ጋቢ ሙቀት እንደማይሠራ፣ ሙቀት እንዳያልፍ ብቻ እንደሚከለክል፣ ያን ጊዜ ራሳቸው ይነግሩሻል። ጠዋት ብርዱን የሚከለክልላቸውም ሹራብ በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው፤ የገዛ ሰውነታቸውን ሙቀት ይዞላቸው።

ሹራብ ካልኩ ዘበኛውን አነጋግሪልኝ። በዚህ ወቅት የትኛውም ትምህርት ቤት ጥበቃ ቤት ውስጥ የተረሳ ሹራብ ተቆልሎ ይገኛል። ልጆቹ 2 ሰዓት ላይ እየተንቀጠቀጡ ይገባሉ፣ በእረፍት ሰዓት ወገባቸው ላይ ያስሩታል፣ ከዚያ አጥር ላይ ሰቅለውት ይሄዳሉ። የእኛ ዊንተር ይኸው ነው። በቀን ስንት ሹራብ እንደተረሳ በየቀኑ ይቁጠሩና በወረቀት ላይ አምድ ይሥሩ። ሒሳብም ነው፣ እንግሊዝኛም ነው፣ ወላጆችም ይመርቁሻል።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ቴርሞሜትር ነው። ጠዋት ሲገቡ አንድ ልጅ ያንብብ፣ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ሌላ ልጅ ያንብብ፣ ሁለቱም ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። በጥቂት ቀን ውስጥ በጠዋትና በከሰዓት መካከል ከ10 ዲግሪ በላይ ልዩነት ማየት ይጀምራሉ። ሰማዩ በዚህ ወር ጥርት ያለና ደረቅ ነው፤ አዲስ አበባም ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ደመና ስለሌለ ቀን የገባው ሙቀት ማታ ወደ ላይ ያመልጣል። ደብረ ብርሃን ዘመድ ያለው ልጅ ካለ በዚህ ሰሞን ሣሩ ላይ የሚያድረውን ውርጭ ይጠይቅ። በክረምት ግን ደመናው ቀን ፀሐዩን ስለሚጋርድ ሌሊት ደግሞ ሙቀቱን ስለሚይዝ ልዩነቱ ይጠባል፤ ከሐምሌ ቀን የጥር ቀን የሚሞቀው፣ ከሐምሌ ሌሊት የጥር ሌሊት የሚበርደው ለዚህ ነው። በእኛ አገር ትልቁ ለውጥ ያለው በጠዋትና በከሰዓት መካከል ነው። ልጅቷ በእርሳስ የጻፈችው ይህንን ነው።

እዚያስ ለምን በረዶ ሆነ? ልጆቹን ብትጠይቂያቸው «ፀሐይ ስለራቀች» ይሉሻል፤ ትልልቅ ሰዎችም እንዲሁ ይላሉ። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ ምድር ለፀሐይ እጅግ የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ነው፣ ወደ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር። በሰኔ መጨረሻ እስከ 152 ሚሊዮን ትርቃለች። ጉዳዩ የምድር መዘንበል ነው፣ 23.5 ዲግሪ፤ በዚህ ወቅት ሰሜኑ ከፀሐይ ወዲያ ስላዘነበለ ብርሃኑ አዘንብሎ ይደርሰዋል። የስልክሽን መብራት ወረቀት ላይ ቀጥ አድርገሽ አብሪ፣ ከዚያ አዘንብለሽ አብሪ። ያው መብራት ሰፊ ቦታ ላይ ተበትኖ ይደበዝዛል። ስቶክሆልም በታኅሣሥ ቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ብቻ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ውስጥ በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ቢሆን ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ረጅም ሥራ ልስጥሽ። ግቢው ውስጥ ቀጥ ያለ እንጨት ትከሉ፣ ቀትር ላይ፣ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የጥላው ጫፍ ላይ ድንጋይ አስቀምጡ። ጥር ላይ ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል። ሰኔ ላይ በዚያው ሰዓት ተመልሳችሁ እዩት፤ ወደ ደቡብ ዞሮ ታገኙታላችሁ። በመጽሐፉ ከተማ ያሉ ልጆች ይህን ፈጽሞ አያዩም፤ የእነሱ የቀትር ጥላ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ነው። (ሰኔ ላይ ኮንትራትሽ ሲታደስ እየጠቆምሽ የምታሳዪውም ነገር ይሆንልሻል።)

የሚተኛውን ድብ ደግሞ አትለፊው፣ ገልብጪው። ድቡ እዚያ ሲተኛ ወፎቹ ወደ እኛ ይመጣሉ። ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን የሸሹ ብዙ ዓይነት ወፎች ከመስከረም ጀምሮ እዚህ ናቸው፤ በቢሾፍቱ ሐይቆች ዳክዬዎቹ ይታያሉ። ሆዷ ቢጫ የሆነ፣ ጭራዋን ወደ ላይና ወደ ታች የምትወዘውዝ ቀጭን ወፍ ግን እስከ ኳስ ሜዳችሁ ድረስ ልትመጣ ትችላለች፤ ሣር ላይ እየሮጠች ነፍሳት ትለቅማለች። ልጆቹን አሥር ደቂቃ አውጥተሽ ዝም ብለው እንዲያዩ አድርጊ። ብታዩዋት ምናልባት ያቺ ወፍ በመጽሐፉ ሥዕል ላይ በረዶ የለበሰውን ዓይነት አገር በዓይኗ አይታዋለች።

የገና ጨዋታውን እዚህ ውስጥ ማስገባት ትችያለሽ፣ በዓሉ ቢያልፍም የሚጠላው ልጅ የለም። ክፍልሽ ውስጥ የተለያየ እምነት ያላቸው ልጆች ስለሚኖሩ እንደ ጨዋታ ብቻ አቅርቢው። ለዚህ ዕድሜ ሩሩ ከጨርቅ፣ ዱላው ከተጠቀለለ ካርቶን ይሁን፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባለው የተፈነከተ ልጅ እናት ፊት አይሠራም።

አሁን ወደ አክስትና አጎት ልመለስ። ውጭ ዘመድ ያለው ልጅ በቤተሰቡ ስልክ አንድ የድምፅ መልእክት ይላክ፤ «ዛሬ እዚያ ስንት ዲግሪ ነው? ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄዱ ምን ለበሳችሁ? በረዶ ስትረግጡት ምን ይላል?» ከሚኒያፖሊስ፣ ከቶሮንቶ፣ ከስቶክሆልም መልስ ሲመጣ ክፍል ውስጥ አሰሚና ካርታ ላይ ምልክት አድርጉ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ክፍልሽ ውስጥ እናቱ ቤይሩት ወይም ሪያድ ወይም ዱባይ ሆና የምታሳድገው ልጅ ሊኖር ይችላል። ለአንዳንዱ መልእክቱ ደስታ ነው፣ ለአንዳንዱ የተነካ ቁስል ነው። ስለዚህ የቤት ሥራ አታድርጊው፣ የፈለገ ብቻ ያምጣ። የዱባይ መልስ ቢመጣ ደግሞ ይጠቅምሻል፤ እዚያ ጥር ሰው ከቤት ወጥቶ ሜዳ ላይ የሚቀመጥበት ምርጥ ወቅት ነው። ከቤይሩት ቢመጣ ደግሞ ከተማው ውስጥ ዝናብ፣ ተራራው ላይ በረዶ። አንድ ወር፣ አምስት ዓይነት አየር፤ ልጆቹ ካርታው ላይ ያነቡታል።

የቀረን ዳይሬክተሯ ናቸው። ሐሳብ ሲሰጣቸው እንደ ነቀፋ የሚቆጥሩ ሰው ከሆኑ፣ «ጥጡ ትክክል አይደለም» ብለሽ አትግቢ። ቀኑ የእሳቸው ነው፣ ስሙም የእሳቸው ነው፣ ይቆይላቸው። አንድ ገጽ ጽፈሽ ግቢ። «ዊንተር ደያችንን ወላጆች እንዲያስታውሱት የሚያደርግ ነገር አስቤያለሁ። ኮሪደሩ በአንድ በኩል የመጽሐፉ ከተማ ይሁን፣ በረዶውም የበረዶ ሰውየውም ይኑር። በሌላው በኩል የአዲስ አበባ ጥር ይሁን፤ ልጆቹ የሠሩት የሙቀት ሰንጠረዥ፣ ካርታው፣ ጋቢውና በረዶው። ልጆቹ ራሳቸው ቆመው ለወላጆች ያስረዳሉ» በያቸው። ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ በእንግሊዝኛ ስለ ቴርሞሜትር ሲያስረዳ የሚያሳይ ቪዲዮ ከጥጥ ፎቶ በላይ ለትምህርት ቤቱ እንደሚጠቅም ዳይሬክተሯ ከእኔም ከአንቺም በተሻለ ያውቃሉ።

ጓንቱን ግን ከዚህ ሁሉ ለይተሽ አቅርቢው፣ ቀድመሽም አቅርቢው፤ ወላጆች ገንዘብ ካወጡ በኋላ ምንም ማለት አይቻልም። «አንዳንድ ወላጆች ከአንድ በላይ ልጅ ስላላቸው ወጪው ከብዷቸዋል፤ ልጆቹ ቤታቸው ያለውን ሹራብና ነጠላ ወይም ጋቢ ይዘው ቢመጡስ?» ማለት ማንንም አይነካም። የዚያችን እናት ስም አትጥሪ። ለእሷም ነገ በር ላይ ስታገኚያት «እስክነግርዎ ድረስ እንዳይገዙ» በያት፤ ይህን ለማለት የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም።

እምቢ ቢሉሽስ? ጥጡን ለጥፊው። ኮንትራትሽንና እናትሽን ለፎም ሰውዬ ብለሽ አደጋ ላይ እንድትጥዪ አልመክርሽም፤ ባልደረቦችሽ በዚህ በኩል ሐቅ አላቸው። የተሳሳቱት ነገሩ በሁለት መንገድ ብቻ የሚያልቅ መስሏቸው ነው፣ ወይ ተጣልቶ ወይ ዝም ብሎ። ክፍልሽ ውስጥ በሩን ዘግተሽ የምታስተምሪው በየቀኑ አለ፣ ኮሪደሩ የአንድ ቀን ነው። ቴርሞሜትሩን ለማንበብ የዳይሬክተር ፊርማ አያስፈልግም።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትጀምሪ። ሰኞ ቴርሞሜትሩን፣ በዚያው ሳምንት ጋቢውን፣ የቀረውን ልጆቹ ራሳቸው ሲጠይቁሽ። ለክፍል የሚሆነው በግድግዳ የሚሰቀለው ተራ ቴርሞሜትር ነው፤ የትኩሳት መለኪያው አይሆንሽም፣ እሱ የሰውነት ሙቀት ብቻ ነው የሚያነበው። ከመስኮቱ ውጭ በጥላ በኩል፣ በልጆቹ ዓይን ትክክል ስቀዪው። ፀሐይ ካገኘው የሚያነበው የአየሩን ሳይሆን የራሱን ሙቀት ይሆናል፣ ያን ጊዜ ሰንጠረዡ ሁሉ ይበላሽብሻል። ዳይሬክተሯ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።